አክተሩ ራሱ ካቦ ሲሆን

የቪዲዮ ቤት ዘመንን የማያስታውስ የሻሸመኔ ጎልማሳ ጥቂት ነው። ብርድ ልብስ የተጋረደበት መስኮት፣ በላብና በኦቾሎኒ ልጣጭ የታጨቀ አግዳሚ፣ ከፊት ለፊት በእንጨት ሳጥን የተቆለፈ ቴሌቪዥን፣ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ የቀኑ ዝርዝር። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የሐዋሳው፣ የባሌውና የወላይታው መንገድ የሚለያይባት በመሆኗ፣ መኪና እስኪሞላ የሚጠብቅ መንገደኛም፣ ጭነቱ እስኪራገፍ ሥራ የፈታ ረዳትም ከተማሪው ጋር ተጋፍቶ ይገባ ነበር። ፊልሙ የሚናገረውን እንግሊዝኛ ወይም ሕንድኛ የሚሰማ እምብዛም አልነበረም። ማንም ግን በዚህ ተቸግሮ አያውቅም። ሁለት ቃል ይበቃ ነበር፦ አክተርና ካቦ። አክተሩ የሚደበደበው፣ ኋላም የሚደበድበው ነው። ካቦው የክፉዎቹ አለቃ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሲጋራ ያጨሳል። ደንቡም አንድ ብቻ ነው፦ አክተር አይሞትም።

ደንቡ ከሀገር ውስጥ የፈለቀ ይመስላል እንጂ ኪንግስተንም ያውቀዋል። ፔሪ ሄንዝል እ.ኤ.አ. በ1972 በሠራው «ዘ ሃርደር ዘይ ከም» በተባለው የጃማይካ ፊልም ውስጥ፣ ጂሚ ክሊፍ የሚጫወተው ኢቫን ከገጠር እንደመጣ ሪያልቶ ሲኒማ ገብቶ «ጃንጎ» የሚባለውን የጣሊያን ካውቦይ ፊልም ያያል። አዳራሹ ይጮኻል፣ ይስቃል። አጠገቡ ያለው ሰው ጀግናው የመጨረሻው ጥቅል ሳይደርስ ሊሞት እንደማይችል ያስረዳዋል። ፊልሙ ሲያልቅ ኢቫን ራሱ ባሕር ዳር ላይ ከወታደሮች ፊት ሽጉጥ ይዞ ብቅ ይላል። እዚያው ላይ ያ የሚስቀው የሪያልቶ ተመልካች ተመልሶ ይታያል። እንዲህ ያለውን መጨረሻ ጥቁር ኮሜዲ ቢሉት አያስነቅፍም፤ ሰው ሲሞት የሚስቀው ተመልካቹ ነውና። ታሪኩ የተቀዳው አይቫንሆ ማርቲን ከሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ፖሊስ ከገደለው የኪንግስተን ሽፍታ ነው። ያው 1948 ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ የዓለም ጥቁሮች ሻሸመኔ ላይ 200 ሄክታር፣ ማለትም 5 ጋሻ መሬት ሰጡበት የሚባለው ዓመት ነው። ጃማይካ ሰፈር ከዚያ ተነሣ። አጋጣሚ ነው፤ ነገር ግን ይህ ዲስኩር ሻሸመኔ ላይ ሲነበብ ሳይነሣ ቢታለፍ ያሳፍራል።

የዛሬው ፊልም ፈረንሳዊ ነው። የቪዲዮ ቤቱን ደንብም አይጥስም፤ አክተሩ እስከ መጨረሻው አይሞትም። ችግሩም እሱ ነው።

«ኩ ደ ቶርሾን» ይባላል፤ ቤርትራን ታቬርኒዬ እ.ኤ.አ. በ1981 ሠራው። ርእሱ እንዳለ ሲፈታ የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ ይዞ አንዴ ጠረግ ማድረግ ማለት ነው። አማርኛ ተረት ነጋሪም ሲጨርስ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ ይላል። በሁለቱም ዘንድ ነገር የሚያበቃው በመጥረግ ነው፤ በፈረንሳዩ ግን ዳቦ የለም፣ የሚጠረገውም አፍ አይደለም።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1938 ነው፤ ቦታው በፈረንሳይ ምዕራብ አፍሪካ ቅኝ ግዛት ውስጥ የተፈጠረች ቡርካሳ የምትባል ትንሽ ከተማ። ፊልሙ የተቀረጸው ሴኔጋል፣ ሴንት ሉዊ ውስጥ ነው። የከተማዋ ብቸኛ ፖሊስ ሉሲየን ኮርዲየ ነው፤ ፊሊፕ ኗሬ ይጫወተዋል። ሸሚዙ የተጨማደደ፣ ሰውነቱ የከበደ፣ ማንንም አስሮ የማያውቅ ሰው። ሚስቱ ወንድሜ ነው ብላ ያስገባችው ሰው ቤት ተቀምጦ ይበላል። የአንድ ሀብታም መጸዳጃ ቤት ከሰገነቱ ሥር ተሠርቶ ሽታው እንቅልፍ ይነሣዋል። ሁለት የሴተኛ አዳሪ ቤት ባለቤቶች ደግሞ በወንዙ ላይ የሚንሳፈፍ የአፍሪካውያን አስከሬን ላይ ዒላማ ሲለማመዱ ተዉ ለማለት ይሞክራል፤ ይሳለቁበታል እንጂ አይሰሙትም።

ሰውዬው በባቡር ተሳፍሮ አለቃው ዘንድ ምክር ሊጠይቅ ይሄዳል። ይህ ትዕይንት በደንብ ሊታይ ይገባል፤ የፊልሙ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። አለቃው ሻቫሶን ነገሩን በቃል አያስረዳም። ዙር ይለውና መቀመጫውን በእርግጫ ይለዋል። አንድ ከረገጡህ ሁለት አድርገህ መልስ፣ ነው ትምህርቱ። ተመልካቹ ይስቃል፤ ከአዳራሹ ውስጥ እንዲህ ያለ አለቃ የማያውቅ የለምና። ኮርዲየም ትምህርቱን እንደ ጎበዝ ተማሪ ይዞ ይመለሳል። በዚያው ሌሊት ሁለቱን ሰዎች ገድሎ ወንዝ ይከታቸዋል፤ ጥርጣሬው በአለቃው ላይ እንዲያርፍም ያመቻቻል። የመጸዳጃ ቤቱን ሳንቃ በመጋዝ ከርክሮ ሀብታሙን ከነልብሱ ጉድጓድ ያስገባዋል።

እስከዚህ ድረስ ቪዲዮ ቤቱ ቢሆን ያጨበጭባል። የተናቀው ተነሣ፤ ካቦዎቹ ቅጣታቸውን አገኙ።

ከዚያ ግን ጭብጨባው ቀስ በቀስ ይሞታል። ኮርዲየ ውሽማው የሆነችውን የሮዝን ባል ይገድላል፤ ሮዝን የምትጫወተው ኢዛቤል ዩፔር ናት። ባልየው ሚስቱን የሚደበድብ አረመኔ ነውና ይሁን ያሰኛል። ቀጥሎ ግን የሟቹ አገልጋይ የሆነው አፍሪካዊ፣ የጌታውን አስከሬን በጋሪ ጭኖ ወደ ቤቱ ይመልሳል። ስሙ ቫንድርዲ ነው፤ በፈረንሳይኛ ዓርብ ማለት ሲሆን ከሮቢንሰን ክሩሶ አገልጋይ የተወሰደ ነው። ይህ ሰው ምንም አላደረገም፤ ጥፋቱ ማየቱ ብቻ ነው። ኮርዲየ ረጋ ብሎ፣ ጊዜ ወስዶ ለምን እንደሚገድለው ያስረዳዋል፤ ይገድለዋልም። እዚህ ላይ የሚስቅ ተመልካች ካለ ሳቁ አፉ ላይ ይደርቃል። ሰውዬው እየቆየ ራሱን በምድር ላይ ፍርድ ሊሰጥ የተላከ አድርጎ ማየት ይጀምራል፤ በመጨረሻም ሮዝ ሚስቱንና «ወንድም» ተብዬውን በጥይት እንድትጨርሳቸው ነገሩን ያመቻቻል።

መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር ካልታየ አይገባም። ፊልሙ ሲጀምር ኮርዲየ ከአንድ ዛፍ ሥር ሆኖ ሜዳ ላይ የተቀመጡ አፍሪካውያን ሕፃናትን ያያል። ፀሐይ በግርዶሽ ትሸፈናለች፣ ብርዱ ይመጣል፣ ልጆቹ ይንቀጠቀጣሉ። ሰውዬው እሳት ያነድድላቸዋል። ሲያልቅም ያው ዛፍ ነው፣ ልጆችም አሉ፤ የኮርዲየ እጅ ላይ ያለው ግን ክብሪት ሳይሆን ሽጉጥ ነው። ያነጣጥራል። ጥይት አይሰማም። ፊልሙ ያልቃል።

አለመተኮሱን እንደ ንስሐ የሚያዩ አሉ። ያ ትርጉም ለጆሮ ይጥማል፤ ፊልሙ ግን አይደግፈውም። ኮርዲየን የሚያስረው ሰው የለም፤ በከተማው ያለው ፖሊስ እሱ ብቻ ነውና። አለቃውም ተጠርጣሪ ሆኗል። «ወንጀለኛው በቁጥጥር ሥር ውሎ ምርመራው ቀጥሏል» የሚል የፖሊስ ዜና ማንበብ ለለመደ ሰው፣ ይህ መጨረሻ ዜናውን የሚጽፈው ሰው ራሱ ወንጀለኛው የሆነበት ነው። ካሜራውም ቢሆን እግሩ መሬት አይረግጥም፤ ታቬርኒዬ ከቀራጩ አካል ጋር ታስሮ የሚንቀሳቀሰውን ስቴዲካም በሰፊው ስለተጠቀመ፣ ተመልካቹ ቀጥ ያለ ነገር እያየ እንኳ ወለሉ እየሸሸው ይመስለዋል። ሆሊውድ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል በፊልም ላይ ወንጀል አትራፊ ሆኖ እንዳይታይ የሚከለክል ደንብ ነበረው። በዚያ ደንብ ቢሆን ኖሮ ኮርዲየ ወይ ይታሰራል፣ ወይ ከባቡር ሥር ይገባ ነበር።

ታሪኩ መጀመሪያ አፍሪካዊ አልነበረም። ጂም ቶምሰን የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1964 «ፖፕ. 1280» በሚል ርእስ የጻፈው ልብ ወለድ ሲሆን፣ ቦታው የአሜሪካ ደቡብ፣ ባለታሪኩም ሸሪፍ ነው። ርእሱ የከተማዋን የሕዝብ ቁጥር የሚያመለክት ነው። በ1966 ማርሴል ዱአሜል ወደ ፈረንሳይኛ መልሶ የታወቀው የወንጀል ልብ ወለድ ስብስብ 1000ኛ መጽሐፍ አድርጎ ሲያሳትመው ርእሱ «1275 ነፍሳት» ሆነ። አምስት ሰው በትርጉም ጠፋ! ዣን በርናር ፑዊ የተባለ ደራሲ በ2000 የነዚህን አምስት ነፍሳት ዱካ የሚከተል ሌላ ልብ ወለድ እስከ መጻፍ ደርሷል። አማርኛ ተርጓሚዎች አንቀጽ ሲዘሉ ማንም አይጠይቃቸውም፤ የፈረንሳይ አንባቢ ግን ለአምስት ሰው መርማሪ ላከ። ታቬርኒዬ ታሪኩን ከአሜሪካ ደቡብ አንሥቶ ወደ ቅኝ ግዛት ማምጣቱ ልክ ነበር፤ አንዱ ሰው ሰው፣ ሌላው ዕቃ የሆነበት ሥርዓት በሁለቱም ቦታ ነበረና። ቅር የሚያሰኘው ሌላ ነው። ልጆቹ ስም የላቸውም። ይነደድላቸዋል፣ ይነጣጠርባቸዋል፤ ሲናገሩ ግን አይሰሙም። ፊልሙ የቅኝ ገዢውን ጭካኔ እየገለጠም ቢሆን ዓይኑን ከቅኝ ገዢው ፊት አያነሣም።

ኮሜዲ ሲያልቅ ማን መጥቶ ያጸዳል የሚለው ጥያቄ ከሲኒማ በጣም ይቀድማል። በሞልየር «ታርቱፍ» ውስጥ ጸሎተኛ መሳዩ አታላይ የአስጠጊውን ቤትና ንብረት ጠቅልሎ ከወሰደ በኋላ፣ ባለቤቱን ራሱን ሊያሳስር የንጉሡን መኮንን ይዞ ይመጣል። መኮንኑ ግን ዞር ብሎ ታርቱፍን ይይዘዋል፤ ንጉሡ ሁሉን ያውቁ ነበር። ይህን ተውኔት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ «የፌዝ ዶክተር»ን እንደመለሱት ሁሉ፣ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ዙፋን ችሎት ድረስ ሄዶ ፍትሕ መለመን ይታወቅ በነበረበት ሀገር ያ መጨረሻ ባዕድ አይሆንም። ሞልየር ግን መጨረሻውን እንዲሁ በቀላሉ አላገኘውም። ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1664 ቬርሳይ ውስጥ ታይቶ ታገደ፣ በ1667 ተሻሽሎ እንደገና ታገደ፣ በ1669 ነው የተፈቀደው። በመድረክ ላይ አዳኝ ሆኖ የሚመጣው ንጉሥ በሕይወት ያለው፣ ፈቃዱን የሚሰጠው ንጉሥ ነው። ስለዚህ ያ መጨረሻ ምስጋናም ነው፣ ኪራይም ነው።

የዚያው ዘመን ሰው ላ ፎንቴን ግን በ1668 ባወጣው መጽሐፍ ሌላ መንገድ ሄደ። ግልገሏ ከወራጅ ውኃ ትጠጣለች፤ ተኩላው መጥቶ ውኃዬን አደፈረስሽ ይላል። ከአንተ በታች ነኝ ትላለች። ባለፈው ዓመት ሰድበሽኛል ይላል። ያኔ አልተወለድኩም ትላለች። ያንቺ ወንድም ነው ይላል፤ ወንድም የለኝም ትላለች። ወገኖችሽ ናቸዋ! ይልና ወደ ጫካ ወስዶ ይበላታል። ተረቱ እዚያው ላይ ያበቃል። ምክሩ የት ሄደ ቢባል፣ ደራሲው በመጀመሪያው መስመር ላይ አስቀምጦ ጨርሶታል። የቀረው መብላቱ ብቻ ነው።

ላ ፎንቴንን ወደ አዲስ አበባ መድረክ ያመጣው ሰው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነው። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ ገና በልጅነቱ ወደ ሩሲያ ተወስዶ የመድፈኛ ትምህርት ተማረ፤ ኋላም ፈረንሳይ ኖረ። ሩሲያ ሳለ የላ ፎንቴንን ተረቶች በሩሲያኛ ግጥም ያስፋፋውን ክሪሎፍን ሳይሰማ እንዳልቀረ መገመት ይቻላል። ወደ ሀገሩ ተመልሶ መኳንንቱ ቴአትር ብለው የሚጠሩት ነገር ዘፈንና ጭፈራ ሆኖ ቢያገኘው፣ በ1913 ዓ.ም. አካባቢ «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፈ፤ በቴራስ ሆቴልም ለሹማምንቱ ታየ። አውሬዎቹ ተናገሩ፣ ሹማምንቱ ሳቁ። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት እንግዲህ የተወለደው ከፈረንሳይ ተረት ነው፤ ኮሜዲም ነው።

መጨረሻው ግን በመድረክ ላይ አልተጻፈም። የንግሥት ዘውዲቱ ቤተ መንግሥት የአውሬዎቹን ፊት ለየ። ተውኔቱ ታገደ፣ መጽሐፉ ተሰበሰበ፣ ቴአትርም ለዓመታት ጸጥ አለ። ሞልየር ንጉሡን አዳኝ አድርጎ መድረክ ላይ አወጣው፤ በተክለ ሐዋርያት ኮሜዲ ላይ ግን ቤተ መንግሥቱ ራሱን ጨመረ። በነገራችን ላይ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ የነበረውን የአዲስ አበባን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤትም ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞታል። መድረኩን ቤተ መንግሥት ሲፈራው መጋረጃውን ደግሞ ሕዝብ ፈራው።

የተክለ ሐዋርያት የራሱ ታሪክ ግን ከተውኔቱ ይበልጥ ይጠቁራል። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ንጉሥ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የወጣውን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቀው ይኸው ኮሜዲው የታገደበት ተክለ ሐዋርያት ነው። በ1935 ደግሞ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማለት ነው፣ በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር የኢትዮጵያ ወኪል ሆኖ ተቀመጠ። ፊት ለፊቱ የጣሊያኑ ባሮን አሎይዚ የክስ ማስታወሻውን ዘረጋ። ወልወል ላይ ግጭት ተነሣ፤ ኢትዮጵያ ባሪያ ትሸጣለች፤ ከሠለጠኑት ጋር ልትቀመጥ አይገባትም። አንዱ ሲመለስ ሌላው ይቀጥላል። ተኩላውንና ግልገሏን በፈረንሳይኛው ለሚያውቅ ሰው ያንን ማስታወሻ ማዳመጥ ምን ይመስል እንደነበር መገመት አያዳግትም። ከላይ የሚወርድ ንጉሣዊ መኮንን ግን አልነበረም። ጣሊያን መስከረም መጨረሻ ላይ መረብን ተሻገረች።

የኢትዮጵያ ፊልምስ መጨረሻውን እንዴት ዘጋው? ኃይሌ ገሪማ የተወለደው ጎንደር ነው፤ አባቱ ተውኔት ጸሐፊ ነበር፤ እየዞረ ያሳይ ነበር። ልጁ አሜሪካ ሲማር በእረፍት ጊዜው ወደ ሀገር ቤት ተመለሰ፤ የ1966 ዓ.ም. አብዮት ገና እየፈነዳ ሳለ፣ ሙያተኛ ያልሆኑ ሰዎችን ይዞ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ ቀረጸ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1976 ወጣ። ይህን ኮሜዲ ብሎ የሚጠራው የለም፤ ይሁን እንጂ ባለርስቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ለጭሰኞቹ የሚያወርደው ስድብ እየቆየ እንደ ቀልድ ይሆናል፤ መሬቱን ተነጥቆ እንደ እብድ የሚታየው ከበበ ደግሞ ይስቃል፣ ያስቃልም። ለመንደሩ ልጆች ሀገሩ እንዴት እንደተሠራ የሚነግራቸው እሱ ነው። ጤነኞቹ ዝም ባሉበት እብዱ ይናገራል፤ ይህን ዓይነት እብድ በየገበያው የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም።

በመጨረሻ ከበበ ባለርስቱን በዱላ መትቶ ይገድለዋል። ሊይዙት ሲከተሉት ራሱን ይሰቅላል። ከኮርዲየ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ፈረንሳዊው ሕግ አስከባሪ ሆኖ ይገድልና ይኖራል፤ ኢትዮጵያዊው ሕግ የጣለው ሆኖ ይገድልና ይሞታል። በቪዲዮ ቤቱ ደንብ ከበበ አክተር አይደለም ማለት ነው። ወይም ደንቡ ከሌላ ሀገር የመጣ ነው።

ልጅ ግን እዚህም አለ። በታቬርኒዬ ዛፍ ሥር የተቀመጡት ስም የለሽ ልጆች ምን እንደደረሰባቸው አይታወቅም፤ በኃይሌ ገሪማ ፊልም ያለው ልጅ ግን ከበበን ሰምቷል። መንደሩን ጥሎ ይሮጣል፤ በሚያልፍ የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ከተማ ይሄዳል። ይህ ትዕይንት ሻሸመኔ ላይ ቢታይ፣ አራት መንገድ በሚገናኝባት፣ አይሱዙው ቀንና ሌሊት በማይቋረጥባት ከተማ፣ ከአዳራሹ መካከል አንድ ሰው ረዳቱ የት ሄዶ ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እውነት ነው፤ የደቡብ መስመር ረዳት ቢሆን ገና መኪናው ሳይነሣ አይቶት ነበር፤ በመስኮት ብቅ ብሎ «ውረድ አንተ!» ይለው ነበር። በፊልሙ ውስጥ ግን ወደ ኋላ የሚያይ የለም። መኪናው ይሄዳል፣ ልጁም እጁን አልለቀቀም።